ከተማውን ያዞርኩበት ሳምንት

የኛን ሰፈር የሚያውቅ ሰው በሮቹ ሁሉ ወደ ሰሜን እንደሚያዩ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በደርግ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰፈሩ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደነበር ነው። ያዞርኩት እኔ ነኝ። መልሼ ያቀናሁትም እኔው ነኝ። እርግጥ ያኔ ሰፈሩ ገና ችካል ነበር፤ ቢሆንም ሰፈር ሰፈር ነው። በዓለም ላይ ከተማ የሠራ ሰው ብዙ አለ። አንድን ከተማ ሁለት ጊዜ ያዞረ ግን ከኔ ሌላ መኖሩን አልሰማሁም። ሬዲዮ በየቀኑ ነው የምከፍተው፤ ቢኖር ይነገር ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለራሴ ጥቂት ልበል። ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ግን ሰው ራሱን ሲያመሰግን ደስ አይለኝም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሱቅ ስኳር በሚጠቀልሉበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የዓለምን ወሬ ሁሉ እስከ አጋማሹ አውቀዋለሁ። ከተቀደደው ወዲያ ያለውን በራሴ ጭንቅላት ሞላሁት፤ ብዙ ጊዜ ጋዜጣው ከሚለው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ልብስ ስፌትም ያስተማረኝ የለም። አንድ አሮጌ ኮት ፈታሁ፣ መልሼ ሰፋሁት፤ ስጨርስ አንድ እጅጌ ተረፈኝ። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። እኔ ግን ልጠይቃችሁ፦ ኮት ሰፍቶ እጅጌ የተረፈው ሰው ታውቃላችሁ? ሌላው ይጎድልበታል እንጂ አይተርፈውም። ከዚያ በኋላ ከሚሴ አስፋልት ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ፣ ከጨፋ ገበሬ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሹም ድረስ የማላለብሰው አልነበረም።

የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በር።

አዋጁ ወጥቶ ትርፍ ቤቶች የቀበሌ ሲሆኑ፣ ለኔና ለባለቤቴ ለሀዋ አንድ ክፍል ደረሰን። አንድ ክፍል ስል ግማሽ ክፍል ማለቴ ነው። ሌላው ግማሽ የከድጃ ነበር። ከድጃ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ፍየሎቿ ጋር ነው የምትኖረው። መሀላችን ላይ እኔ ራሴ ከማዳበሪያ ከረጢት የሰፋሁት መጋረጃ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ መጋረጃ ደሴም አይገኝም። በሩ ግን አንድ ነው፣ እሱም በከድጃ በኩል ነው። ስለዚህ ከቤታችን ወጥተን መንገድ ላይ ለመድረስ የሰው ቤት ማቋረጥ ነበረብን።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰው ቤት ያለ ሰላምታ አይታለፍም። ሀዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ «አሰላሙ አለይኩም» ትላለች። ስትመለስ ትላለች። ክዳኑን ረስታ እንደገና ስትገባም ትላለች። ከድጃ ደግሞ ምግብ ላይ ከሆነች «ቢስሚላህ በሉ» ሳትል ሰው አታሳልፍም። እምቢ ስንል ትቀየማለች፤ እሺ ስንል ደግሞ በረንዳዬ ላይ ደንበኛ ሱሪውን በእጁ ይዞ ፀሐይ ይመታዋል። አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ ለመሄድ ስነሳ፣ መጋረጃው ሥር ጎንበስ ብዬ የከድጃን ጉርሻ ድምፅ አዳምጥ ነበር። ጨረሰች ስል ፍየሏ ታስነጥስና ከድጃ ትነቃብኛለች።

ሀዋ ለዘጠኝ ዓመት ያህል አንድ ነገር ብቻ ትለኝ ነበር።

«እኔ ቤት አላልኩህም። በር ነው ያልኩህ። የራሴን በር ስጠኝ እንጂ ከኋላው ቤት ባይኖርም ግድ የለኝም።»

«አብሽሪ» እላታለሁ። «እኔ እያለሁ በር ያጥርሻል?»

«አንተ እያለህ ነው እኮ ያጠረኝ።»

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራን። ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው ሜዳ ለመኖሪያ ብቻ ተከልሏል ተባለ። ቤት የሌላቸው ሃያ ሰባት አባወራዎች ማኅበር ይመሠርቱና ይሠሩበታል። ደንቡ ተነበበልን። ቦታው ለሁሉም እኩል ነው፤ አሥራ ሁለት ሜትር በአሥራ ሁለት። ማንም ከአንድ በላይ አይወስድም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሱቅ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ከብት የለም። ይህ ሁሉ የሆነው ገንዘብ ያለው ገብቶ ቦታውን እያሰፋ ድሃውን እንዳይገፋው ነው አሉን። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ቀደም ብዬ አስቤው ነበር፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። ፍየል ከብት ነው አይደለም በሚለው ላይ ከድጃ አንድ ሙሉ ስብሰባ ከፈጀች በኋላ፣ ፍየል ከብት ነው ተብሎ ተወሰነ። ፍየሎቿ ገጠር ወንድሟ ዘንድ ሄዱ፤ እሷም ተመዘገበች።

መጨረሻው ላይ ግን አንድ ከባድ አንቀጽ ነበር። ሐምሌ ሳይገባ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ያልቆፈረና መሠረት ያላወጣ ቦታውን ይነጠቃል። ከፕላኑ ውልፍት ያለም እንዲሁ። አንዱ ከተሳሳተ ደግሞ የማኅበሩ ሁሉ ይሰረዛል።

ፕላኑ ከደሴ ተጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሁሉም አጎንብሰው አዩት፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ያነበዋል?» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ።

«ንድፍ አይደል እንዴ?» አልኩ። «እኔ ዕድሜዬን ንድፍ ላይ ነው የጨረስኩት።»

በጣቴ እያመለከትኩ አስረዳኋቸው። ይሄ መንገድ ነው፤ ይሄ ቤት፤ በሩ በስተሰሜን መንገዱን ያያል፤ ከቤቱ ኋላ በስተደቡብ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ሽንት ቤት ናት፤ በሯ ወደ ቤቱ ነው። ዘጠኝ ቤት ወደ ቁልቁል፣ ሦስት ረድፍ ወደ ጎን። ወዲያው ሊቀመንበር አድርገው መረጡኝ። ዕጣ ሲወጣም መሀለኛዋ ቦታ ለኔ ደረሰች። ከየትኛውም ጫፍ ቢቆጠር እኩል የሆነችው፣ የሃያ ሰባቱ እምብርት። እኔ አልደነቀኝም።

ልንበተን ስንል ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ። ሼህ እንድሪስ የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚናገሩት ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው፤ ከሳቸው በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባው እንደገና ይጀመራል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ሰው ሲቀመጥ ፊቱ ወዴት ነው?»

«የት ሲቀመጥ ሼህ?»

ጣታቸውን ትንሿ አራት ማዕዘን ላይ አሳረፉ። «እዚህ።»

እንግዳ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ከከሚሴ ሲታይ ቂብላ በስተሰሜን ነው። ከዚህ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ባሕሩ ካላቆመው መካ ይገባል። ሰው ሲሰግድ ፊቱን ወደዚያ ያደርጋል፤ ለዚያኛው ጉዳይ ሲቀመጥ ደግሞ ፊቱንም ሆነ ጀርባውን ወደዚያ አያደርግም። ሽንት ቤቷ በሯ ወደ ሰሜን ከሆነ፣ ሰው ደግሞ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ከተቀመጠ፣ እንግዲህ አስቡት።

«ያ ረቢ!» አለች ከድጃ። «ሃያ ሰባት አባወራ፣ በየማለዳው!»

ፕላኑን ያወጣው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ቂብላ የት እንደሆነ የነገረው ስለሌለ ነው። ደብዳቤ እንጻፍ ያሉ ነበሩ፤ መልሱ ሲመጣ ሐምሌ አልፎ ማሽላ ታጭዷል። ሽንት ቤቱ ይቅር ያሉ ነበሩ፤ ደንቡ አይፈቅድም። በሯን እናዙር ያለ ሰው ተነሣና ራሱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በሯ ፕላኑ ላይ ተሥላለች፣ የተሣለ ነገር ደግሞ አይነካም።

ከሴቶቹ በኩል ሀዋ «እኔ የምለው፣ ሳንቃዋን ብቻ...» ብላ ጀመረች።

«ሀዋ» አልኳት፣ «ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።»

ዝም አለች። እንዴት አድርጋ ዝም እንዳለች ያኔ ልብ ባለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ እየሠራሁ ሳለሁ መልሱ መጣልኝ። ጨርቁ መስመር አለው፤ ንድፉ ሲቀመጥ መስመሩ ተጋደመ። ምን አደረግሁ? እጅጌውን አልቆረጥኩም፣ ኮሌታውን አልነካሁም። ንድፉን እንዳለ አዞርኩት። መርፌዬን ሰካሁና ሸሚዙን እንደያዝኩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥኩ። ባለሸሚዙ በካናቴራ ተከተለኝ።

አባላቱ ሲሰበሰቡ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ልክ መሀሉ ላይ፣ የኔ ቦታ ላይ ማለት ነው፣ መርፌ ተከልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሩብ ዙር አዞርኩት።

«ፕላኑ ላይ አንዲት መስመር ተነክታለች?»

«አልተነካችም» አሉ።

«ሽንት ቤቱ ከቤቱ ኋላ ነው?»

«ነው።»

«በሩ ወደ ቤቱ ነው?»

«ነው።»

«ሰውየው ፊቱ ወዴት ነው?»

ሼህ እንድሪስ አጎንብሰው አዩ። ወደ መስኮቱ ሄደው ፀሐይዋን አዩ። ተመልሰው መጡና ግንባሬን ሳሙኝ። «ወደ ምሥራቅ ነው። አልሀምዱሊላህ!»

በዚያች ሰዓት ከሚሴ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። እኩል የሚሆነኝ ሊኖር ይችላል፤ አላጣራሁም።

ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ግን አለ። ንድፍ ስታዞር አስቀድመህ የጨርቁን ወርድ ትለካለህ። ይህን እኔም አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቃለሁ። ይሁንና ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ጫፉ ይታያል፤ መሬት ጫፉ አይታይም። የኛ ሜዳ ደግሞ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ረጅም ነው፣ ወደ ጎን ግን እንደ መቀነት ጠባብ ነው። በሰሜን በኩል የገበሬ ማኅበሩ ማሽላ አለ፤ በደቡብ በኩል የከብት ገበያው አለ።

ችካሉን መትከል ጀመርን። የኔ የልብስ መለኪያ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ናት፤ ስምንት ጊዜ ስትገለበጥ አሥራ ሁለት ትሞላለች። ከመሀሉ ተነስተን ወደ ሰሜን ሄድን። አንድ ቤት ለካን። ሁለተኛውን ስንለካ ቁርጭምጭሚት የደረሰ ማሽላ ውስጥ ነበርን። ደግሜ ለካሁ። ልክ ነበር። ችግሩም ልክ መሆኑ ነበር። ፕላኑ «እዚህ ነው» ካለ እዚህ ነው፤ ቀጠልን።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የማሽላው ባለቤት አሊ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣ። አሊ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«አካም ጅርታ ኦቦ?» አለኝ።

«ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ። አንተስ? ልጆቹ? ከብቱ?»

«አልሀምዱሊላህ። ሀዋስ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ዝናቡስ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው። ማሽላዬ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ቤት እየሠራን ነው።»

ዙሪያውን አየ። «የማን ቤት?»

«ይሄ የአባላችን የይመር መኝታ ቤት ነው። አንተ የቆምክበት ሽንት ቤቱ ነው።»

አሊ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ዘለለ። «ማሎ! ማሽላዬ ላይ?»

«እኔ አይደለሁም፤ ፕላኑ ነው» አልኩትና ወረቀቱን አሳየሁት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሜትሬን አየ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «አንተ በፕላንህ ሥራ። እኔም ነገ በሬዎቼን ጠምጄ የይመርን መኝታ ቤት አርሳለሁ።»

ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። በማግስቱ አረሰው።

በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ እስከ ገበያው ቀን ሰላም ነበር። በገበያው ቀን ከቆላ የመጡ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ይዘው ደረሱ፤ ችካሎቻችንን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«አላህ ይስጣችሁ» አለኝ አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ እጄን ጨብጦ። «እስከ ዛሬ ግመል የምናስረው ድንጋይ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ አሳቢ ከተማ አላየሁም።»

«ይህ የመኖሪያ ክልል ነው» አልኩት። «ከብት የተከለከለ ነው።»

«ግመል ከብት አይደለም» አለኝ። ከድጃ በዚያ ስብሰባ ላይ ባልነበረችና ይህን ባልሰማች ብዬ ተመኘሁ፤ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ፍየሎቿን አስታወሰችኝ፤ ረጅም ጊዜ ወስዳ ነው ያስታወሰችኝ።

ሼህ እንድሪስ ዕጣቸው እዚያ ነው የወደቀው። ሄጄ ሳያቸው በቦታቸው መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እንዴት ዋሉ ሼህ?»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። «ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ግመል አለ። አንዷ ልትወልድ ነው።»

ከሃያ ሰባቱ ዘጠኙ ሜዳው ላይ፣ ዘጠኙ ማሽላ ውስጥ፣ ዘጠኙ ገበያ ላይ ሆኑ። አንድ ቦታ ብቻ ንቅንቅ አላለችም፤ መርፌው የተተከለባት፣ የኔዋ። ሰው ስለዚህ ነገር ማውራት ጀመረ። ይመር የታረሰ መኝታ ቤቱን አይቶ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ቆመ።

«ሊቀመንበር፣ ሁላችንንም አዙረህ አንተ በቦታህ ቀረህ አይደል?»

«መሀል ያለ ነገር አይንቀሳቀስም ይመር። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው።»

«ተፈጥሮ ለምን ላንተ ብቻ ታደላለች?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ትሑት ሰው ስለሆንኩ ተውኩት። ይልቅ አርአያ ልሁን ብዬ ጉድጓዴን መቆፈር ጀመርኩ። ከተማው ስለዞረ ሽንት ቤቴ በስተምዕራብ ነው። አራት ቀን ቆፈርኩ፤ ቁመቴን ሁለት ጊዜ ይውጣል። አፉን በግንድ ሸፈንኩ፣ ላዩ ላይ ሁለቱን የእግር መርገጫ ሳንቃዎች ወደ ምሥራቅ አድርጌ አስተካከልኩ።

ሀዋ ቂጣና እርጎ ይዛልኝ ስትመጣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆማለች። ከታች ሆኜ ፊቷን ሳየው ከወትሮው ያረጀች መሰለችኝ።

«ሰማዩን አይተኸዋል?» አለችኝ አንድ ቀን። «ደመናው በምሥራቅ መጥቷል። ሰኔ ሊያልቅ ነው። አሊ ያርሳል፣ ግመሉ ይወልዳል፣ መሐንዲሱ ይመጣል ይላሉ። የኔ በር የት ደረሰ?»

«አብሽሪ።»

«ዘጠኝ ዓመት አበሸርኩ። ይሄ ከተሰረዘ ሌላ ሜዳ የለም እኮ። ከድጃንም አሳጣናት። ፍየሎቿን ሰጥታ የመጣችው በኛ አምና ነው።»

ጎንበስ ብዬ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ጉድጓድ ውስጥ ስለነበርኩ ፊቴ አልታያትም።

መሐንዲሱ በማግስቱ ከደሴ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከጉዞ የደከመው። የራሱን ፕላን ዘረጋ። ፕላኑን አየ፣ ሜዳውን አየ። ፕላኑን አዞረ። ከዚያ ራሱ ዞረ። ማሽላው ውስጥ የአሊን በሬዎች አየ፤ ገበያው ላይ የተወለደችውን የግመል ግልገል አየ።

«ማነው ይህን የተከለው?» አለ።

ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። ሁሉም ግን እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ ወደፊት ወጥቼ። «ፕላኑ አልተነካም ጓድ መሐንዲስ። የዞረው መሬቱ ነው።» ከዚያም ስለ ቂብላው፣ ስለ ሸሚዙ፣ ስለ መርፌው በዝርዝር አስረዳሁት። በደንብ ነው ያስረዳሁት። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም፤ እየሰማኝ ግን እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«አባቴ» አለ ስጨርስ፣ «ሐሳብዎ ገብቶኛል። ግን አሥራ ስምንቱ ከክልሉ ውጭ ናቸው። ይህን አይቼ ማለፍ አልችልም። ደንቡ ማኅበሩ ይሰረዝ ነው የሚለው።»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ አየሁት። ከድጃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ይመር መሬት መሬት ያያል። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው በር፣ ከነመቃኑ፣ ከነማጠፊያው፣ ከዓይኔ ሥር ሲሄድ ታየኝ።

«ልጄ፣ አፉ በለኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሀዋ።

«ሀዋ፣ ይሄ የቴክኒክ...»

«አንተ ዝም በል» አሉኝ ሼህ እንድሪስ። በሕይወታቸው ሰው ሲያቋርጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው።

«እዚህ ወረቀት ላይ ሽንት ቤቷን አየኋት» አለች ሀዋ። «በሯንም አየኋት። የእግር መርገጫ ሳንቃዋን ግን አላየኋትም። ሳንቃዋ ወዴት ትሁን ይላል?»

መሐንዲሱ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ገልበጥ አድርጎም አየ።

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያ ሰውየው ዞር ብሎ ይቀመጥ እንጂ ከተማው ለምን ይዞራል?»

መጀመሪያ የሳቀው አሊ ነው፤ ከማሽላው ውስጥ። ቀጥሎ ሼህ እንድሪስ። ቀጥሎ መሐንዲሱ፤ ባርኔጣው ወድቆ የግመሏ ግልገል ስታሸተው እንኳ አላነሳውም። እኔም ሳቅሁ፤ ሊቀመንበር ከሕዝቡ ተለይቶ አይቆምም።

«ሮቢት ከተማ ሥራ አለኝ» አለ መሐንዲሱ ዓይኑን እየጠረገ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «በሦስተኛው ቀን በዚሁ እመለሳለሁ። ያኔ ፕላኑ እንደ ፕላኑ ከሆነ፣ ዛሬ እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

በሦስት ቀን ሰፈሩን መለስነው። የአሊን ማሽላም ሁላችንም ወርደን መልሰን ዘራንለት፤ ሀዋ ከፊት ሆና ትዘራለች፣ እኔ ከኋላ በሜትሬ እለካለሁ። አሊ ሜትሬን ቀማኝና ሥራው ፈጠነ። መሐንዲሱ ሲመለስ ሁሉም በቦታው ነበር። በጎን የተቆፈረው ጉድጓዴ ላይ ቆም ብሎ «ይህስ?» አለ። ጥልቀቱን አሳየሁት። ወደ ውስጥ አየና «ይህ ባለበት ይቅር፤ መልሶ ሲሞላ ሰው ይጎዳል» ብሎ አለፈው።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «በሊቀመንበሩ አመራር ሰጪነት፣ የሁሉም አባላት የእግር መርገጫ ሳንቃ በሩብ ዙር እንዲዞር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ውሳኔ የሚያወጣ ሰው ቀድሞ መፈጸም አለበት። ስለዚህ ቀለሙ ሳይደርቅ ሄጄ የራሴን ሳንቃ ሩብ ዙር አዞርኩ። ለአንድ ሾፌር ኮት ሰፍቼለት፣ ያውም በሁለቱም እጅጌ፣ በስጦታ ያገኘኋት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነበረችኝ። ሳንቃዬን በሷ አሰርኩት። በመላው ሰፈር በሲሚንቶ የታሰረ መርገጫ የኔ ብቻ ነው።

ቤቱ ክረምቱ ሲወጣ አለቀ። በሩ የተገጠመ ቀን ሀዋ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ከዚያ ገብታ ከውስጥ ቀረቀረችው። እኔ ውጭ ነበርኩ፤ አልጠራኋትም። ትንሽ ቆይቶ ከድጃ፣ ዕጣዋ ከጎናችን የወጣላት፣ ትኩስ ቅቤ ይዛ መጣችና አንኳኳች።

«ማነው?» አለች ሀዋ ከውስጥ።

ይህቺን ቃል በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለመናገር አልታደለችም ነበር። በሰው ቤት መሀል የሚኖር ሰው ማነው አይልም።

«ከድጃ ነኝ።»

«የቷ ከድጃ?»

ከድጃ ወደኔ ዞረች። «ተዋት» አልኳት። «ትንሽ ትበለው።» ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን፣ ሀዋ እስክትከፍት ጠበቅናት።

ከሰዓት በኋላ ሼህ እንድሪስ ቤቱን ሊመርቁ መጡ። መረቁን፣ በሉ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ወዲያው ተመለሱ። ውሃው እንዳለ ነው።

«ሊቀመንበር» አሉ ቀስ ብለው። «የኛ ሳንቃ ስንት ጊዜ ዞረ?»

«አንድ ጊዜ፤ በቃለ ጉባኤው።»

«ያንተስ?»

ቆጠርኩ። አንዴ ከከተማው ጋር ዞሯል። አንዴ ደግሞ በቃለ ጉባኤው፤ ሁለት ሩብ ግማሽ ዙር ነው፤ ጀርባው ለቂብላ ሆኗል።

ሼህ እንድሪስ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወደ ከድጃ ጓሮ ተሻገሩ።

ሲሚንቶው ጥሩ ሲሚንቶ ነበር። እኔ ደግሞ ስሠራ አጥብቄ ነው የምሠራው። አፍርሰው ያሉኝ አሉ፤ በሰፈሩ ያለውን አንድ የሲሚንቶ መርገጫ አፍርስ ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? እንዳለ ትቼዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሁሉ በሳንቃው ልክ ሲቀመጥ፣ እኔ አንድ እግሬን ሳንቃው ላይ፣ አንዱን ግንዱ ላይ አድርጌ፣ በእጄ ግድግዳውን ይዤ፣ በሰያፍ እቀመጣለሁ። ሀዋ ማለዳ ማለዳ በሯን ከፍታ፣ መቃኑን ተደግፋ ወደ ጓሮው ትጣራለች።

«ዞረሃል?»

«ዞሬያለሁ» እላታለሁ። እውነቴን ነው። ከተማውን ሳዞር ግን እንዲህ ጉልበቴን አላመመኝም ነበር።